አምስት ካሬ፣ አንድ ፍሬ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። በጋቢው ቅሬታ የለኝም፣ ጥሩ ጋቢ ነው። ያልተዋጠልኝ ንግግሩ ነው። የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊዋ ፈቲያ፣ የራሴ ተማሪ የነበረች ልጅ፣ ማይኩን ይዛ ቆመችና «ጋሼ ተፈራ በጅማ ዙሪያ ላለን የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች የፍሬውን ዘዴ ያወረሱን አባት ናቸው» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ከሁሉም አብልጦ ሲያጨበጭብ አየሁት። ከድር ነው። ዘዴው የእሱ ነበር።

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ሲያወራው ከምሰማ ራሴ ልናገረው። በመልክ አልቀናም፣ በሀብትም አልቀናም። የምቀናው በሥራ ነው። አንድ አስተማሪ ክፍል ገብቶ ተማሪው ዓይን ዓይኑን ሲያየው ካየሁ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ እኮ የምትቀናው በሴት ሳይሆን በጠመኔ ነው» ትለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ ሸቤ ነው። ንጉሡ ወርደው፣ ዘመቻውም አልቆ፣ ደርግ ወንበሩን ካደላደለ በኋላ መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ሸቤ ጫካና ዝናብ ብቻ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። ኦሮምኛ አልችልም፤ ተማሪዎቼ ደግሞ ከክፍል ሲወጡ በኦሮምኛ ነው የሚስቁት። በእኔ የሚስቁ ይመስለኝና ጆሮዬን አቁሜ እሄዳለሁ። አንድም ቀን በእኔ ስቀው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከድር በዚያው ሳምንት የተመደበ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። የአጋሮ ልጅ፣ ቀጭን ረጅም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ሸቤ የሚከራይ ቤት ችግር ስለነበር አንድ ክፍል ለሁለት ይዘን ደባል ሆንን። እሱ በኦሮምኛ ይቀልዳል፣ በአማርኛ ይቀልዳል፣ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ገበያ ስንወጣ እሱን ሰላም ለማለት የሚቆመው ሰው አያልቅም፣ እኔ ቅርጫቱን ይዤ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ፊቴ ጠቁሮ ቢያየኝ «ምቀኛ አታሳጣኝ ብዬ ብለምን፣ አላህ ደባል አድርጎ ሰጠኝ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን አልሳቀም።

እንግሊዝኛ አስተምሮ የማያውቅ አንባቢ ካለ ጥቂት ላስረዳ። ፈረንጆቹ አንድ ግስ ይወስዱና ከኋላው ትናንሽ ቃላት ይቀጥሉበታል፣ ትርጉሙም ሌላ ይሆናል። ሉክ ማየት ነው። ሉክ አፕ ቱ ሲሉ ማክበር ነው፤ ሉክ ዳውን ኦን ሲሉ መናቅ፤ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲሉ በጉጉት መጠበቅ። የመካከለኛዋን ቃል ተማሪው እንደምንም ይይዛታል። መከራው የመጨረሻዋ ላይ ነው፤ ቱ ትሁን፣ ኦን ትሁን፣ ዊዝ፣ ኦፍ ወይስ ፎር። የእኛ ልጅ በቋንቋው አስቦ ነው የሚመጣው። «ስኳር አለቀብን» ሊል ይፈልግና ያቺን «ብን» የሚያሳርፍበት ሲፈልግ ዞሮ ዞሮ ኦን ላይ ያሳርፋታል። ትክክለኛው ራን አውት ኦፍ ነው። ለምን ኦፍ ሆነ ቢልህ መልስ የለህም። ማትሪክ ላይ ደግሞ ይህ ጥያቄ አይቀርም።

እኔ በዝርዝር ነበር የማስተምረው። ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በፊደል ተራ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ፣ ሰኞ በቃል እጠይቃለሁ። እጁን የሚያወጣ ሦስት ወይም አራት ልጅ ነው፤ ሌላው አንገቱን ይቀብራል። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል አንገቱን የቀበረው ምን እንዳላወቀ ፈተና እስክታርም ድረስ አታውቅም።

ለኢድ በዓል ከድር አጋሮ እናቱ ዘንድ ወሰደኝ። እናቱን ሰፈሩ ሁሉ ሃዳ ከድር ይላቸዋል፤ የከድር እናት ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴት ናቸው። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ የእነሱን እርድ እንደማልበላ ያውቃሉ፤ ሳልጠይቃቸው በአዲስ መጥበሻ እንቁላል ጠብሰው ለብቻዬ አቀረቡልኝ። መጥበሻው አዲስ መሆኑን ከድር ነው በኋላ የነገረኝ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ብላ፣ አትፈር» ይሉኛል። አማርኛቸው ከዚህ ብዙም አያልፍም።

በማግስቱ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ተከተልናቸው። በበሩ በኩል ወደ ውስጥ አየሁ። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ቡና ተዘርግቷል። እያወሩ፣ እየተሳሳቁ፣ ቡናውን ሳያዩት የጠቆረውንና የተሰበረውን በጣታቸው ነቅሰው ወደ ጎን ይወረውራሉ። የሚያየው ጣታቸው ነው ማለት ይቻላል። ከድርን ሥራውን እንዴት እንደተማሩ እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት። ሃዳ ከድር ሳቁ። ተረጎመልኝ፦ «የሚነግርሽ የለም። የቆየችው ሴት አጠገብ ትቀመጫለሽ፣ እሷ ያነሳችውን ታነሻለሽ። ከወር በኋላ ጣትሽ ራሱ ይነግርሻል።»

ከመጋዘኑ አጥር ኋላ ተለቅሞ የወጣው ግርድ፣ ያ የጠቆረውና የተሰበረው፣ ተደፍቶ ተከምሯል። የፈለገ ይወስደዋል፤ ዘበኛውም ቆሞ ያያል። ከድር ትንሽ ፈለገ። እናቱ በእጃቸው እየዘገኑ ሞሉለት፣ እኔ ከረጢቱን አፉን ከፍቼ ያዝኩላቸው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከረጢቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሸቤ እንደተመለስን ከድር ለየተማሪው ቁራጭ ወረቀት ሰጠ። ወረቀቱ ላይ አምስት ካሬ አሰመራቸው፣ በየካሬው አንድ አንድ ቃል፦ ቱ፣ ኦን፣ ዊዝ፣ ኦፍ፣ ፎር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የቡና ፍሬ። ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ ያነብና የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ተማሪው ሳያስብ፣ ሳይናገር፣ ፍሬውን ካሬው ላይ ያኖራል። ደካማውን ልጅ ጎበዙ አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ ጎበዙ ያኖረበት ያኖራል። ከድር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በዴስኮቹ መሐል አንዴ ሲያልፍ የሰባውንም ልጅ ልብ አንብቦ ይወጣል። ማንም አፉን አልከፈተም፣ ማንም አላፈረም። ወዲያው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ትክክለኛዋን ቃል ጨምሮ ይደግመዋል፤ ፍሬዎቹ ዴስኩ ላይ ኮሽ ኮሽ እያሉ ቦታ ይለውጣሉ። በመስኮት ቆሜ አየሁ። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ ብዬ አንጀቴ አረረ። እኔም እዚያው አጋሮ ነበርኩ፣ ያንኑ ጣት አይቻለሁ፣ ያንኑ መልስ ሰምቻለሁ። ለእኔ ቡና ለቀማ ሆኖ ቀረ፤ ለእሱ ትምህርት ሆነ።

ሁለት ዓመት ሸቤ ከሠራን በኋላ ሁለታችንም ጅማ ከተማ ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወርን። ሄርማታ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ደባልነታችንም ቀጠለ። የእንግሊዝኛ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ስለ ሥራ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው፣ ከከድር ካልሆነ።

ጋሽ ወልዴ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን በሱሪያቸው ኋላ ይወለውላሉ፣ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። የተማሪን ስሕተት አያጠፉም። ከሥሩ ትክክሉን ይጽፉና ሁለቱም እስከ ደወል ድረስ እንዲቆዩ ያደርጋሉ። «ልጁ ስሕተቱን ካላየው የት እንደነበረ በምን ያውቃል?» ይላሉ። ጆሯቸው ላይ እርሳስ፣ ኪሳቸው ውስጥ ሰማያዊ ደብተር አይጠፋም። ደብተሩ ውስጥ ያሉት እነዚያ ባለ ጭራ ግሶች ብቻ ናቸው። በሬዲዮ የሰሙትን፣ የመድኃኒት ወረቀት ላይ ያነበቡትን፣ የሲኒማ ማስታወቂያ ላይ ያገኙትን ይመዘግባሉ፤ ከጎኑ «የት ተገናኘን» የሚል ዓምድ አለ። ሕጉን ንገሩኝ ብዬ ስጨቀጭቃቸው «ተፈራ፣ ሕግ የለውም እኮ። ጉርብትና ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ለማወቅ ሰፈሩ ገብቶ መኖር ነው» አሉኝ። ያንን ደብተር ተመኘሁት። በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ እንደሚወጡና ለአንዳችን እንደሚሰጡት ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ኃላፊነቱም ከደብተሩ ጋር እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ክፍል ሊገመግሙ ሲመጡ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ቀስ ብለው፣ ልጣጩን ሳይበጥሱ፣ በአንድ ክር። የእኔን ክፍል ሲያዩ ብርቱካኑን ልጠው ጨረሱ፤ ሲወጡ «ጥሩ ነው፣ ሥርዓት አለው» ብለው ግማሹን ሰጡኝ። በማግስቱ የከድርን ክፍል ለማየት ገቡ። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜዬ ከጎኑ ባለው ክፍል ስለነበር በር ላይ ቆሜ ደወሉን እጠብቃለሁ። ደወሉ ተደወለ። ጋሽ ወልዴ ሲወጡ ብርቱካኑ ሳይላጥ እጃቸው ላይ ነው። በሌላ እጃቸው ደብተሩን ይዘው እየጻፉ ነበር። እኔን አላዩኝም፣ በአጠገቤ አለፉ።

ያ ብርቱካን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ምሳ ስበላ እሱ ነው፣ ደብተር ሳርም እሱ ነው። ከድር ከጎኔ ተኝቶ ሲያንኮራፋ እንኳን «ይኼ ሰው ተኝቶም ይቀድመኛል» እል ነበር።

በዚያ ሰሞን ዓርብ ዓርብ ከሰዓት የመምህራን ውይይት ነበረን። መጨረሻው ላይ ሂስና ግለ ሂስ ይባላል፤ መጀመሪያ ራስህን ትነቅፋለህ፣ ቀጥሎ ጓደኛህን። አብዛኛውን ጊዜ የሚባለው የታወቀ ነው፣ እገሌ አርፍዷል፣ እገሌ ሌሰን ፕላኑን አላስፈረመም። የዚያን ዕለት ከላይ የመጣ ካድሬ ተገኝቶ ነበር። ተራው ደረሰኝ። ስለ ራሴ አንድ ሁለት ነገር ተናገርኩ። «ስለ ጓዶችስ?» አለኝ።

ያሰብኩበት ነገር አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ቃላቱን ሳይቀር አዘጋጅቻቸው ነበር። «ጓድ ከድር በክፍል ውስጥ በቡና ያስተምራል። ቡና የሰፊው ሕዝብ ሀብት፣ የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ነው። ለጨዋታ መዋሉ አስተማሪነት አይመስለኝም» አልኩ። የፈለግሁት ፍሬዎቹ እንዲነሱበት ነበር። እሱም እንደ እኔ በጠመኔ ብቻ እንዲያስተምር። ከዚያ ማን እንደሚበልጥ እናያለን።

ካድሬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጓድ ከድር፣ ቡናውን ከየት አመጣኸው?» አለው። በዚያ ጊዜ ከኬላ ያለ ፈቃድ ቡና አሳለፈ ተብሎ ሰው ይታሰር ነበር፤ ጅማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቅ ነበር።

«ግርድ ነው» አለ ከድር። «ተለቅሞ የተጣለ።»

«ግርድ የሚገኘው መጋዘን ነው። መጋዘኑ የመንግሥት ነው። መጣሉን ያየ ምስክር አለህ?»

ከድር ዞሮ አየኝ። በቁጣ አልነበረም ያየኝ። ነገሩን ሊያቃልልለት የሚችል ሰው አጠገቡ መኖሩን እንደሚያውቅ ሰው፣ ተረጋግቶ ነው ያየኝ። ከተቀመጡት ሁሉ ግርዱን ተጥሎ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጫማዬን አየሁ። የግራው ክር ተፈትቶ ነበር፣ አሁንም ትዝ ይለኛል። ከድር ጥቂት ጠበቀኝ፤ ከዚያ ወደ ካድሬው ዞሮ «የለኝም» አለ። ከስብሰባው ከሁለት ሰዎች ጋር ወጣ፣ ወደ ቤትም አልተመለሰም።

ጋሽ ወልዴ ግቢው ውስጥ ጠበቁኝ። «በቆሎ ይሁን ማለት አቃተህ?» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። «ቡናው ካሳሰበህ በበቆሎ ያስተምር ማለት አቃተህ ወይ ነው የምልህ።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲጣል አይተሃል?» አሉ። አይቻለሁ አልኳቸው። «እንግዲያው ሂድና ተናገር» አሉኝ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ።

ነገ አልሄድኩም። ሰኞ የከድርን አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ለእኔ ሰጡኝ። ማክሰኞም አልሄድኩም። ፈርቼ ነበር ብል አንባቢ ይራራልኝ ይሆናል፤ ፍርሃትም አልጠፋም። ትልቁ ግን ፍርሃት አልነበረም። ክፍሉ የእኔ ሆኗል፣ የተከራየነው ቤትም ሰፍቶልኛል፣ ጋሽ ወልዴም ከእኔ ሌላ የሚገመግሙት አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማሪ አልነበራቸውም። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሃዳ ከድር ከአጋሮ መጡ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥቁር ሻሻቸውን ጠቅልለው ቆመዋል፣ በእጃቸው ከረጢት ይዘዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝና በዚያች በተሰባበረች አማርኛቸው «አልሃምዱሊላህ፣ አንተ አለህ» አሉ። ከረጢቱን ከፍተው አሳዩኝ፣ ግርድ ነው። «እኔ አማርኛ የለኝ። አንተ ነይ፣ ለእኔ ተናገር። አንተ አይተሃል።» ማን እንደከሰሰው አልሰሙም ነበር። ልጃቸውን ሊያስፈቱ የመጡት በልጃቸው ከሳሽ አንደበት ነው።

«እናቴ፣ ክፍል አለኝ» አልኳቸው። ክፍል አልነበረኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ከረጢቱን አይቼ የት እንደማውቀው ሆዴ ያውቅ ነበር። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም። ጋሽ ወልዴ ከቢሮ ሲወጡ አዩን። ኮታቸውን ለበሱ፣ ጫማቸውን አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ወለወሉ፣ ከረጢቱን ከሴትዮዋ እጅ ተቀብለው አብረዋቸው ሄዱ። ኦሮምኛቸው ከእኔ የማይሻል ሰው ናቸው። በየቀኑ ከሰዓት እየሄዱ እስር ቤቱ በር ላይ እንደቆሙ ሰማሁ። በአራተኛው ሳምንት የመጋዘኑ ዘበኛ ራሱ መጥቶ ግርዱ የሚጣል መሆኑን ተናገረላቸው፣ ከድርም ተፈታ።

ተፈታ እንጂ አልተመለሰም። ሩቅ ገጠር አንድ አንደኛ ደረጃ ተመደበ፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ደጃፍ አልረገጠም። ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ቤት ነበርኩ። ከስቷል፣ ፀጉሩን ላጭተውታል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። ፍራሹን እየጠቀለለ «ክፍሉ የት ደረሰ?» አለኝ። ነገርኩት። «ታደሰን ልብ በልልኝ። ዊዝና ኦፍ ሲመጡ እጁ ይጠብቃል፣ ጎረቤቱን አይቶ ነው የሚያኖረው። ቀድመህ አትጠይቀው፣ ፍሬውን ያኑር። መርየም ታውቃለች፣ ግን ትፈራለች።» ወረቀት አውጥቶ የአሥር ልጆችን ስምና ችግር ጻፈልኝ። አራት ሳምንት ታስሮ ሲወጣ ያልረሳው ይህን ነው። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ተወው» አለኝ። ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ።

እኔ የዚያን ክፍል ልጆች ስም ገና አልያዝኩም ነበር። በእሱ ንጽሕና ሳይቀር ቀናሁ። ሰው እንዴት በዚህ ይቀናል አትበሉኝ፣ ይቀናል።

ማትሪክ ሊደርስ ወር ሲቀረው ገበያ ወርጄ በቆሎ ገዛሁ። አምስት ካሬ አስመርቼ ለየልጁ አንድ ፍሬ አደልኩ። መርየም የምትባለው ብቻ ፍሬውን በጣቷ አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከድር እንደጻፈልኝ አደረግሁ። ክፍሉ ጥሩ ውጤት አመጣ፣ ታደሰ ሳይቀር አለፈ፣ እኔም የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱን በመስተዋት አሠርቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ጋሽ ወልዴ የመጨረሻ ቀናቸው ላይ ቢሮ ጠርተው ሰማያዊውን ደብተር ሰጡኝ። «ለከድር ይሰጡታል ብዬ ነበር» አልኳቸው፤ አይደለም እንዲሉኝ፣ አንተ ትበልጣለህ እንዲሉኝ ነው ያልኩት። ጋሽ ወልዴ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ደብተሩ ላይ አኖሩልኝ። «ከድር አያስፈልገውም» አሉ። «የሚያስፈልግህ አንተ ነህ።» ያን ያህል የተመኘሁትን ይዤ ወጣሁ። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእጃቸው የተጻፈ «ሉክ አፕ ቱ» አለ። «የት ተገናኘን» የሚለው ዓምድ ላይ፦ «ከድር ክፍል።»

ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን አስተማርኩ። ደርግ ወደቀ፣ መጽሐፉ ተቀየረ፣ ማትሪክ ሌላ ስም ወጣለት። በቆሎው አልተቀየረም። ተማሪዎቼ አስተማሪ ሆነው በየወረዳው በቆሎ ይዘው ገቡ። ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ባይጠይቁኝም መናገር እችል ነበር።

ወደ ስንብቱ ልመለስ። ጋቢውን ካለበሱኝ በኋላ ከድር ሰዉን እየገፋ መጣና አቀፈኝ። ከአጋሮ ድረስ ሰምቶ በራሱ መምጣቱ ነው። እናቱ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እጄን ሳይለቅ «በቆሎ አደረግከው አሉኝ» አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። ትንሽ አሰበ፣ ዓይኑ እንደ ድሮው ሳቀ። «ይሻላል እኮ። ቡናው በጀርባው ሲወድቅ ይሽከረከርብኝ ነበር፤ የማንኛው ካሬ እንደሆነ ይጠፋብኝ ነበር። እኔ ይህን አላሰብኩም።» ለማስደሰት የተናገረው አልነበረም። የእውነት ስለ ዴስኩና ስለ ፍሬው ነበር የሚያስበው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እዚያ አዳራሽ አልገባም ነበር፣ ብገባም እጄን ከኪሴ አላወጣም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፈቲያ ቢሮ ሄድኩ። ዘዴው የእኔ አይደለም፣ ከድር የሚባል አስተማሪ የፈጠረው ነው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ የነበረው፣ አልኳት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሁሌም እንዲህ ነዎት። የራስዎን ለሰው ይሰጣሉ» አለችኝና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደግሜ ነገርኳት፤ ትሕትናዬን የበለጠ አመነች። ሻይ አስመጣችልኝ።

ስለዚህ እጽፈዋለሁ። በቃል ብናገር ምስጋና የሚሆንብኝ ከሆነ፣ በጽሑፍ የተጠየቅሁትን ብቻ ልመልስ። ካድሬው ምስክር አለ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። አለ። ቡናው ግርድ ነበር፣ ለማንም የሚጣል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከረጢቱን አፉን ከፍቼ የያዝኩት እኔ ነኝ።